ፍላጻዎችን አንድ ቦታ መሰብሰብ፦ ለጀማሪ ቀስተኞች የልምምድ መመሪያ

ስድስት ፍላጻ ወረወራችሁ እንበል። አንዱ ቢጫው መሐል ላይ ተሰክቷል። ሁለቱ ሰማያዊው ላይ ናቸው። አንዱ ነጩ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። የቀሩት ሁለቱ ወረቀቱን ጭራሽ ስተውታል። ጎናችሁ የቆመው ሰው ደግሞ ስድስቱንም ጥቁሩ ላይ፣ ከታች በግራ በኩል፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ሰብስቧቸዋል። አንድም ቢጫ አላገኘም። ማን ይሻላል?

ያለ ጥርጥር እሱ ይሻላል። የሱ ችግር ደጋኑ ላይ ያለውን ማነጣጠሪያ ትንሽ በማንቀሳቀስ በአንድ ደቂቃ ይፈታል። የእናንተ ግን በማነጣጠሪያ አይፈታም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ፍላጻ የወረወራችሁት በተለያየ መንገድ ነው። ቢጫው ላይ ያረፈውም እንዴት እንደደረሰ አታውቁም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግባችሁ ቢጫውን መምታት አይሁን። ፍላጻዎቹን አንድ ላይ መሰብሰብ ይሁን። የት ላይ ተሰበሰቡ የሚለው ጥያቄ በኋላ ይመጣል።

እዚህ ላይ የማነሳው ሰው አለ። የደቡብ ኮሪያው ኢም ዶንግ ህዩን በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ማጣሪያ ከ720 ነጥብ 699 አምጥቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የግራ ዓይኑ የማየት አቅም 20/200 (ጤነኛ ዓይን ከ200 ጫማ የሚያየውን 20 ጫማ ድረስ ቀርቦ የሚያይ)፣ የቀኙ 20/100 ነበር። 70 ሜትር ርቆ የቆመው ኢላማ ለሱ የደበዘዙ ቀለሞች ክምችት ነው። ዓይኑ እንዲህ ሆኖ እዚያ ያደረሰው፣ ሰውነቱ አንዱን እንቅስቃሴ ሳያዛንፍ ደጋግሞ መሥራት መቻሉ ነው። እኛም የምንለማመደው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉትን፣ በኦሊምፒክ የምናየውን ዓይነት ደጋን ለያዘ ጀማሪ ነው። ግራና ቀኝ ስል በቀኝ እጁ የሚስበውን ሰው አስቤ ነው። በግራ የምትስቡ አቅጣጫውን ገልብጡት።

1. መጀመሪያ ዕቃው ይስማማችሁ

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ከአቅም በላይ የሆነ ደጋን ነው። ጠንካራ ደጋን መሳብ ያኮራል፤ ይገባኛል። ግን እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ፣ ትከሻችሁ ወደ ጆሮ እየወጣ የምትማሩት ነገር ቢኖር ስህተት ብቻ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ ጀማሪ ለመሳብ ከ18 እስከ 24 ፓውንድ ጉልበት የሚጠይቅ ደጋን ይበቃል። ለልጆች ከዚያም ያነሰ።

መለኪያው ቀላል ነው። ደጋኑን ሙሉ ለሙሉ ስባችሁ 15 ሰከንድ ያህል ያዙ። ትከሻችሁ ሳይነሳ፣ እጃችሁ ሳይርድ ከቆያችሁና መልሳችሁ በዝግታ ማላላት ከቻላችሁ ይሆናችኋል። ካልቻላችሁ ቀለል ያለ ፈልጉ። አቅም ሲመጣ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ፓውንድ መጨመር ይቻላል። የብዙዎቹ ደጋኖች ክንፎች (ከመያዣው በላይና በታች ያሉት የሚለመጡት ክፍሎች) ስለሚፈቱ መያዣውን ይዞ ክንፎቹን ብቻ መቀየር ይበቃል።

የስበት ርዝመታችሁንም፣ ማለትም ሙሉ ለሙሉ ስትስቡ አውታሩ ከደጋኑ የሚርቀውን ያህል፣ እወቁ። ሁለት እጆቻችሁን ወደ ጎን ዘርግታችሁ ከአንዱ መሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ይለካ። ልኬቱን ለ2.5 አካፍሉት። 170 ሴንቲሜትር ከሆነ 68 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 27 ኢንች ገደማ ይመጣል። ግምት ነው፤ ግን ለመነሻ ይጠቅማል። ደጋን ላይ የተጻፈው ፓውንድ አብዛኛውን ጊዜ የተለካው በ28 ኢንች ስበት ነው። ከዚያ ባነሰ ቁጥር ለአንድ ኢንች ወደ 2 ፓውንድ ይቀንሳል፣ በበለጠም ቁጥር እንደዚያው ይጨምራል። ስለዚህ 24 የሚል የተጻፈበት ደጋን በእናንተ እጅ 22 ሊሆን ይችላል።

ፍላጻው ከስበት ርዝመታችሁ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይርዘም። አጭር ፍላጻ ስትስቡት ደጋኑ ላይ ከሚደገፍበት ከማረፊያው ወደ ኋላ ሊወድቅና እጃችሁን ሊወጋ ይችላል። የዘንጉ ጥንካሬም ከደጋኑ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት። ፍላጻ ሲለቀቅ ደጋኑን የሚያልፈው ቀጥ ብሎ አይደለም፤ ወደ ጎንና ጎን እየተለመጠ ነው። ዘንጉ ሲበዛ ደረቅ ከሆነ ወደ ግራ፣ ሲበዛ ለስላሳ ከሆነ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይህ የሚያሳስባችሁ ግን ፍላጻዎቻችሁ መሰብሰብ ከጀመሩ በኋላ ነው።

አሁኑኑ የምታደርጉት አንድ ነገር አለ። በእያንዳንዱ ፍላጻ ላይ ቁጥር ጻፉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ 4 ቁጥር ሁልጊዜ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ቀኝ እንደሚያርፍ ካያችሁ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ወይ ላባው ተጎድቷል፣ ወይ ዘንጉ ጎብጧል። ቁጥር ከሌለው ግን ያለ ጥፋታችሁ ራሳችሁን ስትወቅሱ ትከርማላችሁ።

2. የትኛው ዓይን ነው የሚመራችሁ?

ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። በአውራ ጣቶችና በመዳፎቻችሁ መሐል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ። በሁለት ዓይን እያያችሁ በቀዳዳዋ ውስጥ ራቅ ያለ ነገር አስገቡ። አሁን እጃችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ፊታችሁ አምጡ። ቀዳዳዋ ወደ አንዱ ዓይን ትሄዳለች። የሚመራው ዓይናችሁ እሱ ነው። ቀኝ ከሆነ በቀኝ እጅ መሳብ፣ ግራ ከሆነ በግራ መሳብ ይመከራል። ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ሆናችሁ ግራ ዓይናችሁ የሚመራ ከሆነም አትደንግጡ። ገና ጀማሪ ስለሆናችሁ በግራ መሳብ መልመድ ከምታስቡት በላይ ይቀላል። ካልሆነላችሁ የግራውን ዓይን መሸፈን ወይም መጨፈን ሌላው መንገድ ነው።

3. ስለ ደኅንነት በአጭሩ

ፍላጻ ሳይኖርበት ደጋን ስቦ መልቀቅ ፈጽሞ ክልክል ነው። ፍላጻው ይዞት ይሄድ የነበረው ጉልበት ሁሉ ወደ ደጋኑ ይመለሳል፤ ክንፉ ሊሰነጠቅ፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ፍላጻ የምትጭኑት መወርወሪያው መስመር ላይ ሆናችሁ፣ ፊት ለፊታችሁ ማንም በሌለበት ብቻ ነው። ከመጫናችሁ በፊት ዘንጉን በጣት ዳስሱት። የካርቦን ፍላጻ ከሆነ በቀስታ ለመጥ አድርጋችሁ የመሰንጠቅ ድምፅ ካለ አዳምጡ። ስንጥቅ ካለው በቃ፣ ይጣል።

በውድድርና በብዙ ክበቦች የፉጨት ምልክት አለ። ሁለት ፉጨት ወደ መስመሩ ቅረቡ ነው። አንድ ወርውሩ፣ ሦስት ፍላጻችሁን ሰብስቡ ማለት ነው። ተከታትሎ አምስትና ከዚያ በላይ ከተነፋ ሁሉም ነገር እዚያው ይቆማል። ለመሰብሰብ ስትሄዱ በእግር እንጂ በሩጫ አይደለም። ፍላጻ ስትነቅሉ ከኋላችሁ ሰው እንዳይቆም እዩ። የፍላጻ ጭራ ዓይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ብዙ ሰው አይገምተውም።

4. አወራወሩ፣ ከእግር እስከ ጣት

አንድን ውርወራ በትንንሽ ክፍል ከፋፍላችሁ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ሥሩት። ቅደም ተከተሉን በቃላችሁ ያዙት። ስትጀምሩ ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ብትቆጥሩትም ነውር የለውም።

*አቋቋም።* መስመሩን በሁለት እግራችሁ መሐል አድርጉ። እግሮቻችሁ በትከሻችሁ ስፋት ይራራቁ። ክብደታችሁ በሁለቱም ላይ እኩል ይረፍ። ጉልበት አይታጠፍ፣ ግን አይገተር። ደረት አይነፋ። የቆማችሁበትን ቦታ መሬቱ ላይ በኖራ ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ፍላጻ ነቅላችሁ ስትመለሱ እግራችሁ እዚያው ላይ ይረፍ። እግር ሲዛነፍ ወገብ ይዛነፋል፣ ወገብ ሲዛነፍ ትከሻ ይከተላል።

*አጫጫን።* ሦስት ላባ ያለው ፍላጻ ከሆነ በቀለም የተለየችው ላባ ከደጋኑ ወደ ውጭ ትዙር። ፍላጻው አውታሩ ላይ የሚገባበት ቦታ በምልክት የተወሰነ መሆን አለበት። ምልክት የሌለው አውታር ላይ ፍላጻን በግምት መጫን ከላይ ወደ ታች ለተበታተነ ውጤት ዋስትና ነው።

*የጣቶች አያያዝ።* ከማነጣጠሪያው ጋር ስትሠሩ ጠቋሚ ጣት ከፍላጻው በላይ፣ መሐልና የቀለበት ጣት ከታች ይሁኑ። አውታሩ በጣቶቹ የመጀመሪያ መገጣጠሚያ ላይ ይረፍ። ጫፍ ላይ ከያዛችሁት ይንሸራተታል፣ መዳፍ ድረስ ካስገባችሁት አይለቅም። የእጃችሁ ጀርባ ቀጥ ይበል። ጠቋሚ ጣት ፍላጻውን እንዳይጨብጠው ተጠንቀቁ፤ ፍላጻው ከማረፊያው እየወደቀ የሚያስቸግራቸው ጀማሪዎች ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

*ደጋን የያዘው እጅ።* እዚህ ላይ ሁሉም ጀማሪ ይሳሳታል፤ ደጋኑን ይጨብጣል። ደጋን አይጨበጥም። ስትስቡት እጃችሁ ላይ ራሱ ይደገፋል። የሚገፋው የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ነው። የጣቶቻችሁ አንጓዎች 45 ዲግሪ ገደማ ያዘንብሉ። ጣቶቹ ልል ይሁኑ። ደጋኑ ይወድቃል ብላችሁ ከፈራችሁ ከአውራ ጣት ወደ ጠቋሚ ጣት የምትታሰር ትንሽ ማሰሪያ አለች፤ እሷን ተጠቀሙ። እጃችሁ ሲጨብጥ በለቀቃችሁባት ቅጽበት ደጋኑን ይጠመዝዘዋል። ፍላጻው ግራና ቀኝ የሚበተነውም በዚህ ነው። ክርናችሁን ትንሽ ወደ ውጭ አዙሩት። ያኔ አውታሩ ክንዳችሁን እየመታ አያበልዘውም።

*አሳሳብ።* በክንድ ጡንቻ ሳይሆን በጀርባ ሳቡ። የቀኝ ትከሻችሁ አጥንት ወደ አከርካሪው ሲጠጋ ሊሰማችሁ ይገባል። የግራ ትከሻ ዝቅ እንዳለ ይቆይ።

*መልሕቅ።* ስባችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ ፊታችሁ ላይ የሚያርፍበት ቋሚ ቦታ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የፍላጻው የፊት ክፍል ማረፊያው ላይ ነው። የኋላው ክፍል እጃችሁ ላይ ነው። በመሐላቸው 70 ሴንቲሜትር ገደማ አለ። እጃችሁ ከመንጋጋችሁ 1 ሚሊሜትር ዝቅ ቢል የፍላጻው ጭራ ዝቅ ይላል፣ ጫፉም በዚያው ልክ ሽቅብ ያያል። 18 ሜትር ሲደርስ ይህች 1 ሚሊሜትር 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ትሆናለች። በ18 ሜትር የሚሠራበት የ40 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ የአንድ ቀለበት ስፋት 2 ሴንቲሜትር ነው። በ1 ሚሊሜትር ምክንያት አንድ ነጥብ ሄደ ማለት ነው። እጃችሁ በ5 ሚሊሜትር ከተዛነፈ 13 ሴንቲሜትር ያህል ይስታል። እንግዲህ 5 ሚሊሜትር ማለት የእርሳስ ውፍረት እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ መልሕቃችሁ በብዙ ነጥብ ይታሰር። ጠቋሚ ጣት ከመንጋጋ አጥንት ሥር ጥብቅ ብሎ ይግባ። አውታሩ አገጫችሁን ይንካ። የአፍንጫችሁን ጫፍም ይንካ። ሦስቱም ሲነኩ ቦታው ልክ ነው፤ አንዱ ከጎደለ አትልቀቁ። ራሳችሁን ወደ አውታሩ አትውሰዱ፤ አውታሩ ወደ እናንተ ይምጣ።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው ጥርስን ነው። በአንዱ ውርወራ ጥርሳችሁን ገጥማችሁ፣ በሌላው አፋችሁን ትንሽ ከፍታችሁ ከሆነ መንጋጋችሁ ወርዷል፤ እጃችሁም አብሮ ወርዷል፤ ፍላጻው ወደ ላይ ይሄዳል። በስሱ ግጠሙት፣ አታፋጩት፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን።

ሌላም አለ። በመልሕቅ ላይ ሆናችሁ ኢላማውን ስታዩ አውታሩ በዓይናችሁ ፊት እንደ ብዥታ መስመር ይታያል። ይህችን ብዥታ የት እንደምታውሏት ወስኑ። ለምሳሌ የማነጣጠሪያው ቀለበት ቀኝ ጠርዝ ላይ። ብዥታዋ ከቦታዋ ከሸሸች ራሳችሁ ዞሯል ማለት ነው፣ ፍላጻውም ይከተለዋል።

*ማነጣጠር።* የማነጣጠሪያው ነጥብ ቢጫው ላይ ቀጥ ብላ አትቆምም። ትንቀሳቀሳለች። የማንም ትንቀሳቀሳለች። ቀጥ እስክትል መጠበቅም፣ መሐል ስታልፍ ጠብቆ ቶሎ መልቀቅም ሁለቱም ያበላሻሉ። መሐሉ አካባቢ ትዋልል፤ እናንተ በጀርባችሁ መሳባችሁን ቀጥሉ።

*አለቃቀቅ።* ጣቶችን መክፈት የለም። መያዝን መተው ነው። የጀርባችሁ ስበት እንደቀጠለ ጣቶቻችሁ ይላላሉ፣ አውታሩ ራሱ ገፍቷቸው ይወጣል። ትክክል ከሆነ እጃችሁ አንገታችሁን እየታከከ ወደ ጆሮ ሥር ይንሸራተታል። እጃችሁ ወደ ውጭ ከተወረወረ አውታሩን ነጭታችሁታል፤ ፍላጻው ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል።

*ከለቀቁ በኋላ።* ፍላጻው ኢላማውን ሲመታ ድምፁን እስክትሰሙ ድረስ አትንቀሳቀሱ። ደጋን የያዘው ክንድ እዚያው ይቆይ። የት እንዳረፈ ለማየት አንገት ማስገግ የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው። ክንዱ ከፍላጻው በፊት ይወርዳል፤ ፍላጻውም ዝቅ ብሎ ያርፋል።

ከመልሕቅ እስከ መልቀቅ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ በቂ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ደጋኑን አላሉና እንደገና ጀምሩ። አላልቶ መጀመር ሽንፈት አይደለም። ልምድ ያላቸው ቀስተኞች ውድድር መሐል ሰዓት እየቆጠረባቸው ያደርጉታል።

5. ያለ ወረቀት ተለማመዱ

ከኢላማው ሦስት ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ። ወረቀቱን አንሱት። ሣር ወይም ፎሙ ብቻ ይቅር። አሁን የምትመቱት ነገር ስለሌለ አእምሯችሁ ነፃ ነው። በእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ነገር ብቻ ምረጡና እሱን ብቻ አዳምጡ። ዛሬ መልሕቅ ከሆነ መልሕቅ ብቻ። አለቃቀቁ ቢበላሽ ዛሬ አያሳስባችሁ።

ይሰለቻል፤ አልዋሻችሁም። ብዙ ሰው ሁለት ቀን ሞክሮ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ግን ሰውነት የሚማረው እዚህ ነው። ወረቀት ሲኖር ዓይን ነጥብ ይቆጥራል፤ ነጥብ የሚቆጥር አእምሮ ደግሞ ጣቱን አያዳምጥም። በየልምምዱ የመጀመሪያዎቹን 15 ወይም 20 ፍላጻዎች እንዲህ ወርውሩ። አሠልጣኝ ወይም የሚያይላችሁ ሰው ጎናችሁ ካለ፣ ስባችሁና አነጣጥራችሁ ካበቃችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጥቂቱን ልቀቁ። የትኛው ትከሻ እንደወጣ፣ የትኛው ጣት እንደዘገየ ወዲያው ይሰማችኋል።

6. ክምችቱን ማንበብ

አንድ ፍላጻ ምንም አይናገርም። ከስድስቱ አንዱ ቢያፈነግጥ ማነጣጠሪያውን አትንኩ። ቢያንስ ሦስት ዙር ወርውሩና ክምችቱ የት እንዳለ እዩ። በየዙሩ ስልካችሁን አውጥታችሁ ወረቀቱን ፎቶ አንሱት፤ ማስታወስ ይቀላል።

ክምችቱ ጠባብ ሆኖ ከመሐል ከራቀ ማነጣጠሪያውን ክምችቱ ወዳለበት አንቀሳቅሱት። ፍላጻዎቹ ግራ ላይ ከሆኑ ወደ ግራ፣ ከላይ ከሆኑ ወደ ላይ። መጀመሪያ ላይ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ነጥቧ ወደ ግራ ስትሄድ እሷን መሐል ለማምጣት ደጋኑን ወደ ቀኝ ትወስዱታላችሁ፤ ያኔ ነገሩ ይገባችኋል።

ክምችቱ ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ከሆነ መልሕቃችሁን፣ ጥርሳችሁን፣ ክንዳችሁ ቀድሞ አለመውረዱን መርምሩ። የስበታችሁ ርዝመትም ሊለዋወጥ ይችላል። ከመልቀቃችሁ በፊት እጃችሁ ጥቂት ወደ ፊት ከተመለሰ ደጋኑ ጉልበት ያጣል፣ ፍላጻውም ይወድቃል። ክምችቱ ወደ ጎን የተዘረጋ ከሆነ መጨበጣችሁን፣ አለቃቀቃችሁን፣ የብዥታዋን ቦታ ተመልከቱ። የደጋኑ የላይኛው ጫፍ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ፍላጻው ወደ ቀኝ ይሄዳል። አውታሩ ደረታችሁን ወይም የለበሳችሁትን ሰፊ ልብስ ከነካም ወደ ጎን ይበተናል፤ ሰው ይህንን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው፣ መጀመሪያ ላይ ቢያስበው ግን ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

በሁሉም አቅጣጫ ከተበታተነስ? ያኔ አትመርምሩ። ወደ ሦስት ሜትሩ ተመለሱ።

7. የልምምድ ሳምንት

ቅዳሜ 200 ፍላጻ ከመወርወር በሳምንት ሦስት ቀን 50፣ 50 መወርወር እጅግ ይሻላል። ሰውነት ሲደክም ሌላ እንቅስቃሴ ይፈጥራል፤ በድካም የተወረወሩት 100 ፍላጻዎች የሚያስተምሩት ያንን የተበላሸውን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በአንድ ልምምድ ከ40 እስከ 60 ፍላጻ ይበቃል። በመሐሉ የዕረፍት ቀን ይኑር።

አንዱ ልምምድ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ፦ ትከሻ ማዞር፣ ከዚያ በላስቲክ ገመድ የመሳብን እንቅስቃሴ መደጋገም። ቀጥሎ ያለ ወረቀት ቅርብ ርቀት ላይ። ከዚያ ወረቀት ሰቅላችሁ 30 ያህል፣ በየዙሩ ሦስት ወይም ስድስት እያደረጋችሁ። በመጨረሻ እንደገና ቀረብ ብላችሁ ጥቂት በጥሩ ስሜት ወርውሩ። ሁለት ዙር ተከታትሎ ፍላጻዎቹ ከተበተኑ፣ ትከሻችሁም መነሳት ከጀመረ፣ ያቀዳችሁት ባይሞላም ለዛሬ ይብቃ።

ደጋን የማትነኩባቸው ቀናት ባዶ አይደሉም። መስታወት ፊት ቆማችሁ በላስቲክ ገመድ ስባችሁ ያዙ። ትከሻችሁ እኩል መሆኑን እዩ። ጉልበት ለመገንባት ሙሉ ስበት ላይ 15 ሰከንድ መቆየት፣ 30 ሰከንድ ማረፍ፣ ጥቂት ጊዜ መደጋገም። ላስቲክ ብትለቁት ራሳችሁን ይመታችኋል እንጂ ደጋን አይሰበርም፤ ቢሆንም ወደ ፊታችሁ እንዳይመለስ ቀስ ብላችሁ መልሱት።

ስልክን አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ፊት ለፊታችሁ ጎን ላይ፣ ከፍላጻው መንገድ ውጭ አቁማችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። በቀስታ እያጫወታችሁ እዩት። የሚሰማችሁና የምታዩት አንድ አይደሉም። ክርኔ ቀጥ ብሏል ብላችሁ የማላችሁበት ክርን ቪዲዮ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ።

ማስታወሻ ደብተርም ይኑራችሁ። ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የዛሬውን አንድ ትኩረት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር። ለምሳሌ፦ «አፌን ስገጥም ከላይ ወደ ታች መዘርጋቱ ቀነሰ።» ነጥብ በየቀኑ አትጻፉ። በሁለት ሳምንት አንዴ 30 ፍላጻ ወርውራችሁ ከ300 ቁጠሩ፤ ያ ይበቃል። በየቀኑ የሚቆጠር ነጥብ ሰውን ያስቸኩላል።

8. እጅ አልታዘዝ ሲል

አንድ ቀን የሚገርም ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ነጥቧ ቢጫው ጋ ገና ስትደርስ ጣታችሁ ሳታዙት ይለቃል። ወይም በተቃራኒው ነጥቧ ቢጫውን በከበበው ቀዩ ላይ ትቆምና ወደ ቢጫው አልሄድ ትላለች። በዓለም ዙሪያ ብዙ ጥሩ ቀስተኞች ይህ ደርሶባቸዋል። የችሎታ ማነስ አይደለም፤ አእምሮ መሐሉን ከመልቀቅ ጋር አያይዞ ስለለመደው ነው። ስለዚህ ሁለቱን እንለያያቸዋለን።

ስቡ፣ መልሕቅ ያዙ፣ ነጥቧን ቢጫው ላይ አውሉ፣ አምስት ሰከንድ ቆዩ። ከዚያ ሳትለቁ ደጋኑን አላሉት። ይህንን ደጋግሙት። ከአምስት ስበት አንዷን ብቻ ልቀቁ። አእምሮ ቢጫውን ማየት ማለት መልቀቅ እንዳልሆነ ቀስ በቀስ ይማራል። ነገሩ ከበረታ ለሳምንታት ያለ ወረቀት ብቻ ሥሩ። ይህ ችግር ገና ሲጀምር ቶሎ ይታረማል፤ ሲቆይ ግን ሥር ይሰዳል።

9. ርቀት መጨመር መቼ?

በ5 ሜትር ጀምሩ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 18። መቸኮል የለም። ያላችሁበት ርቀት ላይ ስድስቱም ፍላጻዎች ለተከታታይ አምስት ዙር ከቀዩ ሳይወጡ ሲያርፉ ወደሚቀጥለው ሂዱ። አንድ ዙር ብቻ ቢሳካ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ አምስት ዙር ግን ዕድል አይደለም።

ርቀት ስትጨምሩ ማነጣጠሪያው ዝቅ ማለት አለበት፤ ዝቅ ሲል ነጥቧን መሐል ለማምጣት ደጋኑን ታነሱታላችሁና ፍላጻው ከፍ ብሎ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ሜትር ብትዘሉ ፍላጻችሁ መሬት ውስጥ ተሰንቅሮ ስትፈልጉት ትውላላችሁ። ጥቂት ሜትር ጨምሩ፣ ሁለት ዙር ወርውሩ፣ ክምችቱን ተከትላችሁ ማነጣጠሪያውን አስተካክሉ፣ ያለበትንም ቁጥር በደብተራችሁ ከርቀቱ ጎን ጻፉት። ደጋኑን ባትቀይሩ፣ ፍላጻዎቹም እነዚያው ከሆኑ፣ መልሕቃችሁም ካልተንቀሳቀሰ ያ ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንትም ይሠራል። ካልሠራ ማነጣጠሪያውን ከመንካታችሁ በፊት መልሕቃችሁን አስፈትሹ። አውታሩ ከመያዣው ያለው ርቀት ከመጨረሻው ልኬታችሁ ጋር አንድ መሆኑንም በማስመሪያ ለኩ፤ አውታር እየተለጠጠ ሲሄድ ያ ርቀት ያጥራል። ካጠረ አውታሩን ከአንድ ጫፍ ፈትታችሁ ጥቂት ዙር አጠንጥኑትና መልሳችሁ ለኩ።